የኳንተም ኦሲሌተር ከውጭ ምት ጋር መናበቡን በስሌት ማረጋገጥ፦ ከወረቀት እስከ ላፕቶፕ

ባሕር ዳር ውስጥ ከፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር በኳንተም ሲንክሮናይዜሽን (በኳንተም ኦሲሌተሮች፣ ማለትም በወዝዋዥ ሥርዓቶች፣ መናበብ) ላይ ስሠራ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ስሕተት በሒሳቡ ላይ ሳይሆን ከሒሳቡ በፊት በሚነሣው ጥያቄ ላይ የሚፈጸም ነው። ተማሪው አንድን የኳንተም ሥርዓት በውጭ ሞገድ ይገፋል፤ ሥርዓቱ በሞገዱ ድግግሞሽ ሲወዛወዝ ያያል፤ ከዚያም «ተናበበ» ብሎ ይደመድማል። የተገፋ ነገር በገፊው ምት መንቀሳቀሱ ግን መናበብ አይባልም። መናበብ የሚባለው ማንም ሳይገፋው በራሱ ምት የሚሄድ ነገር፣ ደካማ ግፊት ሲያገኘው የራሱን ምት ትቶ ከሌላው ጋር ሲገጥም ነው። ይህ መመሪያ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎም በተራ ላፕቶፕ አስልቶ ማሳየት እንዴት እንደሚቻል ያስረዳል። አንባቢው በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የኳንተም ሜካኒክስ ትምህርት እንደ ወሰደና ማትሪክስ ማባዛት እንደሚያውቅ ታሳቢ ተደርጓል።

ከሁሉ በፊት፦ ምቱ የማን ነው?

በበዓል ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ያስተዋለ ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ አይቶታል። ወረብ ሲወረብ እያንዳንዱ አገልጋይ ጸናጽሉንና መቋሚያውን የሚያንቀሳቅሰው በራሱ ጉልበትና በልቡ በያዘው ዜማ ነው፤ ከበሮው ምቱን ያስተካክልለታል እንጂ እጁን አይጎትተውም። አንድ ወጣት ዲያቆን ከጓደኞቹ ጥቂት ወደ ኋላ ቢቀር፣ ሁለት ሦስት የከበሮ ምት እስኪያልፍ ጸናጽሉን ቸኮል አድርጎ ይገጥማል። ከበሮው ለአፍታ ዝም ቢልም ጸናጽሉ አይቆምም። የከበሮው ማንገቻም እንዲሁ በእያንዳንዱ ምት ይርገበገባል፤ ከበሮው ዝም ሲል ግን እርሱም ዝም ይላል። ዲያቆኑ ከከበሮው ጋር ተናቧል፤ ማንገቻው ግን ተገፍቷል።

በፊዚክስ ታሪክ ይህን ክሥተት መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈረው ሆላንዳዊው ክሪስቲያን ሁይገንስ ነው። በ1665 እ.ኤ.አ. ታሞ በተኛበት ክፍል ውስጥ ከአንድ ድጋፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ እየሄደ በትክክል እንደሚገጣጠሙ አስተዋለ፤ ሆን ብሎ ቢያዛባቸውም በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ተመልሰው ገጠሙ። ሰዓቶቹን ያገናኛቸው በድጋፉ በኩል የሚተላለፍ እጅግ ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ የጉልበት ምንጭ ያለው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም ስሌት ከመጀመርዎ በፊት ስለ ሥርዓትዎ ሦስት ነገሮችን በወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ጉልበት ከየት ያገኛል? ጉልበቱን በምን ያጣል? የውጭው ግፊት ቢቋረጥ መወዛወዙን ይቀጥላል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስዎ «አይቀጥልም» ከሆነ፣ እየሠሩ ያሉት ስለ ሬዞናንስ ነውና ርእሱን መቀየር ይኖርብዎታል።

አንደኛ እርምጃ፦ በክላሲካሉ መጀመር

ኳንተሙን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ ሮበርት አድለር በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መጀመር ብዙ ድካም ይቀንሳል። የራሱ ምት ያለው ኦሲሌተር በደካማ ግፊት ሥር ሲሆን መጠኑ እምብዛም ስለማይለወጥ፣ መከታተል የሚያስፈልገው በእርሱና በገፊው መካከል ያለውን የፌዝ (በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ቦታ) ልዩነት ብቻ ነው። ቀመሩም የሚከተለው ነው፦

የፌዝ ልዩነቱ የለውጥ ፍጥነት = የድግግሞሽ ልዩነት − የግፊት ጥንካሬ × ሳይን (የፌዝ ልዩነት)

የድግግሞሽ ልዩነቱ 3፣ የግፊቱ ጥንካሬ 5 ቢሆን፣ የለውጡ ፍጥነት ዜሮ የሚሆነው ሳይኑ 0.6 ሲሆን ነው፤ ይህም ኦሲሌተሩ ከገፊው በ37 ዲግሪ ገደማ ተለይቶ ጸንቶ ይቆያል ማለት ነው። የድግግሞሽ ልዩነቱ 6 ቢሆን ግን ሳይን ከ1 ሊበልጥ ስለማይችል መርጊያ ቦታ የለም፤ ፌዙ በአማካይ በ3.3 ፍጥነት እየተንሸራተተ ይኖራል። ይህም የ36 እና የ25 ልዩነት ካሬ ሥር ነው። የኃይል ማመንጫ ጄኔሬተሮች፣ ለምሳሌ ከጣና ሐይቅ በሚሄደው ውኃ የሚዞሩት የጣና በለስ ተርባይኖች፣ ከ50 ኸርዝ መስመር ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ፍጥነታቸውና ፌዛቸው ተስተካክሎ የሚጠበቀው ልዩነቱ ጠባብ ካልሆነ መስመሩ ሊይዛቸው ስለማይችል ነው።

ከዚህ እርምጃ ይዘን የምንሄደው አንድ ነገር አለ፦ በክላሲካሉ ዓለም መናበብ ስለታም ድንበር አለው። ልዩነቱ ከግፊቱ ሲያንስ ይገጥማል፣ ሲበልጥ አይገጥምም። ወደ ኳንተም ስንሻገር መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ስለታም ድንበር ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ራሱን የቻለ የኳንተም ኦሲሌተር መገንባት

በ1920ዎቹ ባልታዛር ቫን ደር ፖል በሬዲዮ ቫልቭ ሰርኪውቶች ላይ ያጠናው ኦሲሌተር የዚህ ጥናት ዋና መነሻ ሆኖ ቆይቷል። በ2013 እ.ኤ.አ. ቶኒ ሊ እና ሆሴን ሳዴግፑር የኳንተም መልኩን በወጥመድ በተያዙ አዮኖች እንዴት መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። አሠራሩ ሁለት ሂደቶች ብቻ አሉት። የመጀመሪያው ጉልበትን በአንድ በአንድ ኳንታ የሚያስገባ ሲሆን ፍጥነቱን «ቀ» እንበለው። ሁለተኛው ጉልበትን ሁለት ሁለት ኳንታ እያደረገ የሚያስወጣ ሲሆን ፍጥነቱን «ጠ» እንበለው። በኦሲሌተሩ ውስጥ ያለው ኳንታ ጥቂት ሲሆን ማስገባቱ ያይላል፤ ሲበዛ ደግሞ ጥንድ ማስወጣቱ ያይላል። ስለዚህ ሥርዓቱ ማንም ሳይገፋው በራሱ ልክ ላይ ይረጋል። ጠ ከቀ እጅግ ሲያንስ የሚረጋበት አማካይ የኳንታ ብዛት በግምት ቀ ÷ (2 × ጠ) ነው።

ሁለቱም ሂደቶች ለፌዝ ደንታ የላቸውም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የግንባታው ዋና ዓላማ ነው፤ ገፊ ሳይኖር ማንኛውም ፌዝ እኩል ዕድል ሊኖረው ይገባልና። በዴንሲቲ ማትሪክሱ (በሰያፉ ላይ የደረጃዎቹን ዕድል ይዞ የሥርዓቱን ሁኔታ በሚገልጸው ማትሪክስ) ሲታይ፣ ከሰያፉ መስመር ውጭ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ዜሮ ናቸው ማለት ነው። በኳንተም ሜካኒክስ የኳንታ ብዛትና ፌዝ አብረው ጠርተው ሊታወቁ ስለማይችሉም፣ ከገፊ ጋር የተናበበ ኦሲሌተር እንኳ ፌዙ በአንድ ማዕዘን ላይ አይቆምም። የምንፈልገው የፌዙ ሥርጭት ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ነው።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በእጅ የሚሠራው ስሌት

ይህን እርምጃ ማንም እንዳይዘለው እመክራለሁ፤ ኮምፒውተሩ በኋላ የሚሰጠውን ውጤት የምንመዝነው በዚህ ነውና። ጠ ከቀ እጅግ የሚበልጥበትን ሁኔታ እንውሰድ። ኦሲሌተሩ ወደ ደረጃ 2 (ሁለት ኳንታ ወደ ያዘበት ሁኔታ) እንደ ወጣ ወዲያውኑ ጥንድ ኳንታ አጥቶ ወደ ደረጃ 0 ይወድቃል፤ ስለዚህ በተግባር የሚገኘው በደረጃ 0 ወይም በደረጃ 1 ላይ ነው።

ከደረጃ 0 ወደ 1 የሚወጣበት ፍጥነት ቀ ነው። ከደረጃ 1 ወደ 2 የሚወጣበት ፍጥነት ደግሞ 2 × ቀ ነው፤ የማስገቢያው ኦፐሬተር በደረጃ 1 ላይ ሲሠራ የ2ን ካሬ ሥር ያወጣል፣ ፍጥነቱም የዚያ ካሬ ነውና። የሚወጣውና የሚመለሰው ሲመጣጠን የደረጃ 0 ዕድል የደረጃ 1 ዕድል እጥፍ ይሆናል፤ በሌላ አነጋገር 2/3 እና 1/3 ይሆናሉ።

አሁን ግፊቱን እንጨምር። ጥንካሬው «መ» ይሁን፤ በሃሚልቶንያኑ ውስጥ የሚገባው መ ÷ 2 በማስገቢያውና በማስወጫው ኦፐሬተር ድምር ተባዝቶ ነው። ድግግሞሾቹ እኩል ናቸው እንበል። ደረጃ 0ን ከደረጃ 1 የሚያገናኘው የማትሪክሱ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይፎካከሩበታል። ግፊቱ በ(መ ÷ 2) × (2/3 − 1/3)፣ ማለትም በመ ÷ 6 ፍጥነት ያሳድገዋል። የማስገባቱ ሂደት በበኩሉ የሁለቱን ደረጃዎች የመውጫ ፍጥነት አማካይ ይዞ፣ ማለትም በ(1 + 2) ÷ 2 = 1.5 × ቀ ፍጥነት ያጠፋዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ የቁጥሩ መጠን መ ÷ (9 × ቀ) ይሆናል። መ = 0.45 × ቀ ብንወስድ ውጤቱ 0.05 ነው።

ይህን ቁጥር የመናበብ መለኪያ እንበለው፤ ለትልልቅ ሥርዓቶች ከሰያፉ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ የሚገኙት ቁጥሮች በሙሉ ተደምረው የድምሩ መጠን ይወሰዳል፤ ዋጋው ከ0 እስከ 1 ነው። 0.05 ማለት በተመረጠው ፌዝ ላይ ዕድሉ ከጠፍጣፋው ሥርጭት በ10 በመቶ ከፍ ይላል፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ በ10 በመቶ ዝቅ ይላል ማለት ነው። ትንሽ ቢመስልም እውነተኛ ዝንባሌ ነው።

የድግግሞሽ ልዩነት «ል» ሲኖር 1.5 × ቀ በነበረበት ቦታ የል ካሬና የ1.5 × ቀ ካሬ ድምር ካሬ ሥር ይገባል። ል = 2 × ቀ ሲሆን 2.5 × ቀ ይሆናል፤ መለኪያውም ከ0.05 ወደ 0.03 ይወርዳል። በአድለር ቀመር ያየነው ስለታም ድንበር እዚህ የለም፤ ዝንባሌው ቀስ በቀስ እየለዘበ ይሄዳል እንጂ በአንድ ነጥብ ላይ አይቋረጥም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ማንሣት ተገቢ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በባዝል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት አሌክሳንድር ሩሌ እና ክሪስቶፍ ብሩደር፣ ሊናበብ የሚችለው ትንሹ ሥርዓት ሦስት ደረጃ ያለው ስፒን 1 እንደ ሆነና ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ኪዩቢት ለዚህ እንደማይበቃ ተከራከሩ። በኋላ ሌሎች ኪዩቢትም ይችላል የሚል መልስ ሰጥተዋል። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቀዘቀዙ የሩቢዲየም 87 አተሞች ላይ የስፒን 1 መናበብ በሙከራ ታይቷል። እኛ ያሰላነው ኦሲሌተር ሁለት ደረጃ ብቻ ያለው ቢመስልም ዑደቱ 0፣ 1፣ 2፣ ከዚያም እንደ ገና 0 እያለ በሦስተኛው ደረጃ በኩል እንደሚያልፍ መርሳት አይገባም፤ የራሱን ምት የሚሰጠውም ይህ ዙር ነው ብዬ አምናለሁ።

አራተኛ እርምጃ፦ የማንገቻው ፈተና

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። የራሱ የጉልበት ምንጭ የሌለውን፣ በአንድ በአንድ ኳንታ ጉልበቱን ብቻ የሚያጣ ተራ ኦሲሌተር ይውሰዱ፤ የማጣቱ ፍጥነት ከላይ ካለው ቀ ጋር እኩል ይሁን፤ በዚያው በ0.45 × ቀ ግፊት ይግፉት። የሚረጋው አምፕሊቱዱ 0.45፣ አማካይ ኳንታው 0.2 ገደማ በሆነ የኮሂረንት ሁኔታ ላይ ነው። ከላይ ያስቀመጥነውን የመናበብ መለኪያ ብናሰላለት 0.42 ገደማ እናገኛለን፤ ይህም ከእውነተኛው ወዝዋዥ፣ ማለትም የራሱ ምት ካለው ኦሲሌተር፣ ስምንት እጥፍ የሚበልጥ ነው።

እንግዲህ የፌዝ ሥርጭትን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ማንገቻው ከዲያቆኑ ይልቅ ተናቧል ብሎ ይፈርዳል ማለት ነው። እኔም ራሴ ይህን ውጤት መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ስሕተት አልነበረበትም። ስሕተቱ አንድ ቁጥር ብቻውን ሊመሰክር ይችላል ብሎ ማሰቡ ላይ ነበር።

ስለዚህ ከመለኪያው ጎን ሁለት ተጨማሪ ምርመራዎችን ሁልጊዜ ያቅርቡ። የመጀመሪያው ግፊቱን ከመጀመርዎ በፊትና ከጀመሩ በኋላ የደረጃዎቹን ዕድል ማነጻጸር ነው። በእውነተኛው ወዝዋዥ የደረጃ 1 ዕድል ከ0.333 ወደ 0.341 ገደማ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ግፊቱ ፌዙን ነካ እንጂ መጠኑን አልነካም። በተራው ኦሲሌተር ግን ከዜሮ ተነሥቶ 0.165 ይደርሳል፤ ያለው እንቅስቃሴ ሁሉ ከገፊው የመጣ ነው። ሁለተኛው ስፔክትረሙን ማየት ነው። የራሱ ምት ያለው ኦሲሌተር የስፔክትረሙ ጫፍ ግፊቱ ሲጠነክር ከራሱ ድግግሞሽ ወደ ገፊው ድግግሞሽ እየተሳበ ይሄዳል። በተራው ኦሲሌተር ግን የራሱ የሬዞናንስ ድግግሞሽ ግፊቱ ቢጨምርም ቢቀንስም ከቦታው አይነቃነቅም።

አምስተኛ እርምጃ፦ ወደ ላፕቶፕ

ለዚህ ሥራ ኩቲፕ (QuTiP) የተባለው በነጻ የሚገኝ የፓይተን ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም የተዘጋጁ የፕሮግራም ትእዛዞች ስብስብ፣ ይበቃል። ኢንተርኔት በሚገኝበት ጊዜ ኩቲፕንና የሚደገፍባቸውን ጥቅሎች ከነማብራሪያ ሰነዳቸው አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማስቀመጥ፣ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ያስችላል። ስሌቱ ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም።

አሠራሩ አጭር ነው። በመጀመሪያ ስንት ደረጃ እንደሚይዙ ይወስኑና «ዲስትሮይ» (destroy) በሚባለው ትእዛዝ የማስወጫውን ኦፐሬተር ይፍጠሩ። ቀጥሎ ሃሚልቶንያኑን ከድግግሞሽ ልዩነቱና ከግፊቱ ይገንቡ። ከዚያ ሁለቱን ሂደቶች ያስገቡ፤ የመጀመሪያው የማስገቢያው ኦፐሬተር በቀ ካሬ ሥር ተባዝቶ፣ ሁለተኛው የማስወጫው ኦፐሬተር ካሬ በጠ ካሬ ሥር ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱን ራሱን ሳይሆን ካሬ ሥሩን ማስገባት ግዴታ ነው፤ ይህን መርሳት ብዙ ሰዓት ያስከፍላል፣ ፕሮግራሙ ምንም ሳያጉረመርም የተሳሳተ መልስ ይሰጣልና። በመጨረሻ «ስቴዲ ስቴት» (steadystate) የሚለው ትእዛዝ የረጋውን ዴንሲቲ ማትሪክስ ያወጣል።

ወደ ምርምሩ ከመግባትዎ በፊት በሚከተሉት ቁጥሮች ይፈትኑት። ግፊቱን ዜሮ፣ ጠ = 100 × ቀ፣ የደረጃዎቹን ብዛት 10 ያድርጉ፤ የደረጃ 0፣ 1 እና 2 ዕድሎች በቅደም ተከተል 0.661፣ 0.336 እና 0.003 መሆን አለባቸው። ከዚያ ጠ = 0.05 × ቀ አድርገው ደረጃዎቹን ወደ 40 ያሳድጉ፤ አማካይ ኳንታው 10 ገደማ ይሆናል፤ የዊግነር ሥዕሉም (የኦሲሌተሩን መጠንና ፌዝ ሥርጭት አንድ ላይ የሚያሳየው ሥዕል) መካከሉ ጎድጎድ ብሎ ዙሪያውን እኩል ከፍ ያለ፣ እንደ ምጣድ ጠርዝ ያለ ቀለበት ያሳያል። ቀለበቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካልሆነ ግፊቱ በትክክል አልጠፋም። በእያንዳንዱ ስሌት የመጨረሻው ደረጃ ዕድል ከ0.000001 ማነሱን ያረጋግጡ፤ ካላነሰ አምስት ደረጃ ጨምረው ይድገሙት።

ውጤቱን እያንዳንዱ የድግግሞሽ ልዩነት እንዳለቀ ወዲያውኑ በፋይል ይጻፉ። እኔ አንድ ጊዜ 200 ነጥቦችን በማህደረ ትውስታ ብቻ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላ አድሬ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪም ያረጀ ስለነበር ከመቶ ሰባ በላይ ነጥብ አብሮ ጠፋ። በየነጥቡ አንድ መስመር መጻፍ ከዚያ ወዲህ ያልተውኩት ልማድ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ሁለት ኦሲሌተሮች እርስ በርስ

ያለ ውጭ ገፊ ሁለት ኦሲሌተሮች እንዲናበቡ ሲደረግ ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። የመጀመሪያው የማህደረ ትውስታ ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዱ 40 ደረጃ ቢይዙ ጥምር ሥርዓቱ 1,600 ደረጃ ይኖረዋል፤ የማስተር ቀመሩ (የዴንሲቲ ማትሪክሱን ለውጥ የሚገልጸው ቀመር) ማትሪክስ ዜሮዎቹ ሳይዘለሉ ሙሉ በሙሉ ቢጻፍ ከ100 ቴራባይት በላይ ይወስዳል። ጠ ትልቅ በሆነበት ሁኔታ ግን ለእያንዳንዱ 5 ደረጃ ስለሚበቃ ያው ማትሪክስ 6 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ጥልቅ በሆነው የኳንተም ክልል ቢሠራ ይሻለዋል፤ ፊዚክሱም የበለጠ የሚያጓጓው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የመለኪያው ነው። የጋራ ፌዙን የሚወስን ገፊ ስለሌለ የእያንዳንዱ ኦሲሌተር ፌዝ ለብቻው ሲታይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል፤ በሦስተኛው እርምጃ የተጠቀምንበት መለኪያም ዜሮ ይሰጣል። ይህን አይቶ «አልተናበቡም» ማለት ስሕተት ነው። መታየት ያለበት በሁለቱ መካከል ያለው አንጻራዊ ፌዝ ነው፤ እርሱም የአንደኛው ማስገቢያ ኦፐሬተር ከሁለተኛው ማስወጫ ኦፐሬተር ጋር ተባዝቶ የሚገኘው አማካይ፣ ለሁለቱ አማካይ ኳንታዎች ብዜት ካሬ ሥር ተካፍሎ ይገኛል። ሁይገንስም ያስተዋለው ይህንኑ አንጻራዊ ፌዝ ነበር።

ኦሲሌተሮቹ አንሃርሞኒክ ከሆኑ፣ ማለትም የደረጃዎቻቸው ርቀት ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚለያይ ከሆነ፣ ለአንድ ያልተጠበቀ ውጤት ይዘጋጁ። በክላሲካሉ ዓለም ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ወዝዋዦች ለመናበብ ከሁሉ ይቀላሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. የባዝል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግን በኳንተሙ ተመሳሳይነታቸው ራሱ እንቅፋት ይሆንባቸዋል። ሁለቱም በደረጃ 1 ላይ ሳሉ አንዱ ኳንታውን ለሌላው ቢሰጥ፣ ከደረጃ 1 ወደ 2 ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ1 ወደ 0 ሲወርዱ ከሚገኘው ስለሚለይ ሒሳቡ አይገጥምም፤ ልውውጡም ይታገዳል። ድግግሞሾቻቸው በዚያው ልዩነት ልክ ሲለያዩ ግን ጉልበቱ ይገጥማል፣ መናበቡም ይታያል። ስለዚህ የድግግሞሽ ልዩነቱ ዜሮ በሆነበት ቦታ ከፍታ ሳይሆን ሸለቆ፣ ከግራና ከቀኙም ሁለት ጫፎች ካገኙ ፕሮግራሙ ተሳስቷል ብለው ፋይሉን አይሰርዙት፤ እያንዳንዱ ጫፍ ከዜሮ ያለው ርቀት ካስገቡት የደረጃዎች ርቀት ልዩነት ጋር እኩል መሆኑን በመጀመሪያ ይለኩ።